«ምን ጣፈጠህ?» የምትለው ጽጌ

ጽጌ ሞተች አሉኝ።

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኩን ዘግቼ መልእክቷን ከፈትኩ። ትናንት የላከችልኝ የቢምቢ ፎቶ አለ። ከሥሩ «እያት፣ አታምርም?» ይላል። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። አልተሳፈርኩም።

ለማታውቋት፦ ጽጌ ሥራዋ በሽታ መከታተል ነበር። አውሮፓ ውስጥ ምግብ የጣለው ሰው፣ ቢምቢ ነክሳው የታመመ ሰው፣ ወሬው እሷ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

አንድ በጋ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሰቀለችውን የቢምቢ ወጥመድ ቼክ ልታደርግ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። አውሮፕላኖቹ በላያችን ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ሣሩ ገና አልበረደም። ቢምቢዋ ከደቡብ አገሮች እየተነሣች በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ሰሜን እንደምትመጣ ስትነግረኝ፣ ተረት የምሰማ መሰለኝ።

«እንደኛው ናት» አለች። «ቪዛ የላትም፤ መድረሷ ግን አይቀርም።»

አንድ ሰሞን ዌምብሊ የክርስትና ድግስ በልተን ብዙዎቻችን ታመምን። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ሆስፒታል ተኛች፤ ለልጁም ተፈራ። ሐኪሞቹ ከየትኛው ምግብ እንደመጣ ማወቅ ፈለጉ። ማን ይናገር? የኛ ሰው በሰው ድግስ ታመምኩ አይልም። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላዋ ድካም። ባለቤቴ ራሷ አልጋ ላይ ሆና የደጋሿን የእትዬ አልማዝን ስም እንዳታነሡ አለች።

ጽጌ ለሁላችንም ደወለች። ምን አሳመማችሁ አላለችም። ክርስትና ስለተነሣው ሕፃን ጠየቀች፣ ስለ ጭፈራው ጠየቀች፣ ከዚያ «ምን ጣፈጠህ?» አለች።

ሰው ማመስገን ጀመረ። ዶሮውን ያመሰገነ አለ፣ ክትፎውን ያመሰገነ አለ። የታመምነው ግን ሁላችንም አይቡን አመሰገንን።

ጽጌ አይቡ ነው ብላ ለሐኪሞቹ ነገረቻቸው፤ እነሱም መድኃኒቱን ለወጡ። ትኩሳቱ ወረደ። ለእትዬ አልማዝ ጽጌ ራሷ ሄዳ፣ ወተቱ ሲገዛም የተበከለ እንደነበር ነገረቻቸው፤ ሙያቸውን አመስግና ወጣች። ያኔ በሆድ የነበረችው ልጃችን አሁን ትምህርት ቤት ናት። ስትመጣ እነግራታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ድግስ ላይ ባየችኝ ቁጥር፣ ሳህኔን እያየች «ምን ጣፈጠህ?» ትለኝ ነበር።

ጽጌ፣ አሁን ቤትሽ ነኝ። እትዬ አልማዝ ምግብ ይዘው መጥተዋል። ብሉ እያሉን ነው፤ እየበላንም ነው። በመስኮቱ አንዲት ቢምቢ ገብታ መጋረጃው ላይ አርፋለች። ማንም አልነካትም።

ዛሬ ብትጠይቂኝ ሳልደብቅ እነግርሽ ነበር። ምንም አልጣፈጠኝም።

ደህና ሁኚ።