የአስናቀች ከንፈር

የምስራች! ወደቀች! ስትጠራ ሳትዞር፣ አንድ ዕቃ እንኳ ሳታነሳ፣ ሙልጭ ብላ ወደቀች! እሰይ!

ምነው፣ ምስር ብይ የሚለኝ ጠፋ? እውነታችሁን ነው፤ ልጅ ፈተና ወደቀች ተብሎ የምስራች ሲባል የት ታይቶ። ግን ይቺን መውደቅ ለማግኘት እናቷ ምን ያህል እንደ ደከመች ብታውቁ አብራችሁኝ እልል ትሉ ነበር። እንዲያውም የምስራቹ ከልጅቱ ይልቅ የእናቲቱ ነው፤ የአስናቀች፣ የአምባ ጊዮርጊሷ ድንች ሻጭ።

አስናቀችን በስሟ የማያውቃት በድንቿ ያውቃታል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፍ ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሲቆም፣ የቅቅል ድንች ሳህኗን በአንድ እጇ፣ ሚጥሚጣውን በሌላው ይዛ ከመስኮት መስኮት የምትሮጠው ሴት እሷ ናት። ብርዱ የወገራ ብርድ ነው፤ ድንቹ ገዢ እስኪያገኝ አይጠብቅም፣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መሮጥ አለ። ቆሞ መዋል አለ። ተሳፋሪው ዋጋ ጠይቆ ጠይቆ ሳይገዛ ማኪናው ሲነሳ፣ ጭሱን ውጦ መቅረት አለ። ማታ ቤቷ ስትገባ ምንም ከመናገሯ በፊት ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ባሏ ንብረት ጋሪ ነጂ ነው፤ እሱም እንደዚያው ዝሎ ይገባል። ሁለቱ ዝም ብለው ሲቀመጡ በመሃላቸው የምትጮኸው ልጃቸው ቃልኪዳን ናት።

ቃልኪዳን ገና ድክ ድክ ስትል ትኩሳት ያዛትና ከጆሮዋ መግል ይፈስ ጀመር። ጠበሉም ጠብታውም ተሞከረ፤ መግሉ ደረቀ፤ ዳነች ተባለ። ከዚያ ወዲህ የምታውቃቸው ቃላት ጥቂት፣ ድምጿ ግን ከእድሜዋ በላይ ጎላ ያለ ሆነ። አስናቀች አንድም ቀን ልጄ አትሰማም ብላ አስባ አታውቅም። እሷን ትሰማታለቻ! እንግዳ መጥቶ «ስምሽ ማነው የኔ ሸጋ?» ሲላት፣ ልጅቱ ጠያቂውን ትታ እናቷን ታያለች። የአስናቀች ከንፈር፣ ለራሷም ሳይታወቃት፣ ድምፅ ሳያወጣ «ቃልኪዳን» ይላል። ልጅቱም «ቃልኪዳን!» ብላ ትጮኻለች። እንግዳው ይስቃል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ግን የእናት ከንፈር የለም። ጢም ያለ ክፍል ነው፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ይጽፋል፣ እየጻፈ ይናገራል፤ ቃልኪዳን የምታየው ጀርባውን ነው። አንደኛ ክፍልን ደገመች። መምህሯ ወንዴ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ አንድ ቀን አስናቀችን መናኸሪያው ድረስ መጥቶ አገኛት።

«ጎንደር ውሰጃት። ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የሚለዩበት ማዕከል አለ። አይተው፣ ጠይቀው፣ መዝነው ምን እንደሚያስፈልጋት ይነግሩናል።»

«ይፈትኗታል ማለት ነው መምህር?»

«እንደ ፈተና በዪው።»

ባይላት ኖሮ! አስናቀች ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው «ፈተና» የምትለዋን ብቻ ነው። ልጄን በሰው ከተማ አላዋርዳትም አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ቀን ስትሮጥ የዋለችበት እግሯ እየነዘራት፣ ማታ ማታ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታስጠናት ጀመር። ትልቅ ድንች፣ ትንሽ ድንች። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ዓይንሽ የት ነው፣ ጆሮሽ የት ነው። ንብረት ጥግ ላይ ተጋድሞ ያይና፣ «ኧረ ተያት፣ እኔም አንቺም ሳንፈተን ነው ያረጀነው» ይላል። «አንተማ ብትፈተን በቅሎህ ትበልጥሃለች» ትለዋለች። ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ድካሙ ይመለሳል።

ማዕከሉ ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ያለች ክፍል ናት። መጫወቻዎች፣ የእንጨት ቅርጾች፣ ግድግዳው ላይ ዓይን የሚፈተንበት ሰንጠረዥ። መምህርቷ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ ለዚያ ሁሉ ወረዳ እሷና አንዲት ባልደረባዋ ብቻ ስለሆኑ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መጀመሪያ እናትን ጠየቀች፦ እርግዝናው እንዴት ነበር፣ ምጡ፣ መቼ ቆመች፣ መቼ አፏን ፈታች፣ ምን ታማ ታውቃለች። አስናቀች ሁሉንም «ደህና ነበር» አለች። የጆሮውን መግል አላነሳችም፤ ዳኗል፣ ያለፈ በሽታ ለምን ልጄን ያስገምታት ብላ።

ከዚያ የልጅቱ ዓይን ታየ፤ ደህና ነው። ቀጥሎ መስማት። ጠረጴዛው ላይ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ኳስ፣ ኩባያ ተደረደረ። ልጅቱ ፈርታ የእናቷን ቀሚስ ስትይዝ ጽጌሬዳ፣ «ግድ የለም፣ እናት ፊት ለፊቷ ትቀመጥላት» አለችና ራሷ ከልጅቱ ጀርባ ቆመች። አፏን በወረቀት ከልላ ቀስ ብላ ጠራች።

«ቁልፍ።»

ቃልኪዳን ቁልፉን አነሳች። «ኳስ።» ኳሱን አነሳች። ማንኪያውንም፣ ኩባያውንም።

«መስማቷ ሸጋ ነው» አለች ጽጌሬዳ፣ በር ላይ የተኮለኮሉትን ወላጆች በዓይኗ እየቆጠረች። «ዓይኗም ደህና ነው። ለትምህርት ቤቱ በደንብ እንዲከታተሏት እንጽፋለን።»

አስናቀች በደስታ ልትበር! አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ ስትደርስ ለሽያጭ ያዘጋጀችውን ድንች በሙሉ ለጓደኞቿ በተነችው። ከእሷ ጎን የምትሸጠው ፀደይ፣ አፏ የማይቻል ሴት፣ ድንቿን እያላመጠች፣ «እኔ አፈር ልብላ፣ ትወድቃለች ብዬ ነበር» አለቻት።

«አፈሩን ተይና ድንቹን ብዪ።»

ደስታው እስከ መስከረም ነው የቆየው። ትምህርት ሲከፈት ቃልኪዳን ለሦስተኛ ጊዜ እዚያው አንደኛ ክፍል ተመለሰች፤ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ወንዴ አስናቀችን አስጠራትና አንገቱን ደፍቶ ተናገረ።

«ምንም ካልጎደላት ሰነፍ ናት ማለት ነው ተባለ። ዘንድሮም ካላለፈች ቦታዋን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል፤ ከእንግዲህ አይመዘግቧትም።»

«ጎንደር አልፋለች አልተባልኩም እንዴ መምህር?»

«የዚያ ቤት ምዘና ማለፍና መውደቅ የለውም አስናቀች። የሚጎድላት ካልታየ ማን ምን ይሞላላታል? እኔም ብሆን ምን እንደማደርግላት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

አስናቀች ሳህኗን ተሸክማ ወደ መንገዱ ተመለሰች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከወጣች ቀሪ ዕድሜዋ ታወቀ፤ እዚሁ ሳህን፣ እዚሁ መስኮት ሥር። ያንን እያሰበች ሮጠች፣ ያንን እያሰበች ተኛች።

ነገሩን የገለጠላት ጥርሷ ነው። ኅዳር ላይ መንጋጋዋ አበጠና አፏን በሻርፕ ጠቅልላ ገበያ ወጣች። ቃልኪዳን ከጎኗ ነበረች። «ሚጥሚጣውን አቀብዪኝ» ብትላት ልጅቱ አፍጥጣ ቀረች። ደግማ አለቻት፤ ምንም። ሦስተኛ ስትል ቃልኪዳን እያለቀሰች ሻርፑን ከእናቷ አፍ ላይ ጎትታ አወረደችው። ያን ጊዜ ብቻ ነው ሚጥሚጣውን ያነሳችው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ባጃጅ ከኋላቸው ጥሩንባውን እያስጮኸ መጣ። ሰው ሁሉ ዘወር ሲል ልጅቱ አልተነቃነቀችም። አስናቀች ሳህኗን ጥላ ጎተተቻት። ድንቹ መንገዱ ላይ ተንከባለለ።

«ምነው አስናቄ?» አለች ፀደይ እየለቀመችላት።

አስናቀች በሐሳቧ ጎንደር ያቺ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ፣ ከንፈሯ «ቁልፍ» ሲል፣ «ኳስ» ሲል።

በነጋታው ልሂድ ብትል መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ንብረት ታመመ። ንብረት ሲሻለው ማዕከሉ ወረፋ ሰጥቶ መለሳት። በድጋሚ ሲጠሯት መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሊያልቅ ተቃረበ። ንብረት በበኩሉ ሌላ ነገር ከብዶት ነበር። «ደንቆሮ ተብላ በመንግሥት መዝገብ ትጻፍ?» አላት አንድ ማታ። «አሁንስ ምን እየተባለች ነው?» አለችው። ጉልበት ኖሯት አልነበረም የተከራከረችው፤ እንዲሁ ቃሉ ከአፏ ወጣ። ንብረት፣ «ለመሳፈሪያው የጋሪውን የጠዋት ገቢ እሰጥሻለሁ» አለ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት፣ የኮሶዬን ተራራማ መንገድ በጉም አቋርጠው፣ እናትና ልጅ ያቺ ክፍል ደጃፍ ቆሙ። ጽጌሬዳ አስታወሰቻቸው።

«ይቺማ ሁሉንም የመለሰችልኝ ልጅ አይደለችም?»

«መምህርት፣» አለች አስናቀች፣ ነጠላዋን እየጠመዘዘች፣ «ባለፈው የሰማችው እርስዎን አይደለም። የኔን አፍ እያየች ነው። ከንፈሬ ይናገራል፤ እኔ እንኳ አላውቀውም ነበር። ጆሮዋም መግል ነበረው፤ ደብቄዎት ነው። ትወድቅብኛለች ብዬ ፈርቼ።»

ጽጌሬዳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ፊቷ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «ያን ቀን ወረፋው በዝቶብኝ እሷን እንጂ አንቺን አላየሁም። ነይ፣ እንደገና እንጀምር።»

ይህን ጊዜ አስናቀች ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች፤ ፊቷ ያለው የዓይን መፈተኛው ሰንጠረዥ ብቻ። ልጅቱ ከኋላዋ ነች። ማየት ክልክል ነው።

«ማንኪያ» አለች ጽጌሬዳ፣ ከልጅቱ ጀርባ ቆማ።

ጸጥታ። የሚነሳ ዕቃ ድምፅ የለም።

«ማንኪያ» ድምጿን ጨመረች። ጸጥ። «ኳስ።» ጸጥ። «ኩባያ። ቃልኪዳን! ቃልኪዳን!»

ስሟን እንኳ! አስናቀች ያን ጊዜ ገባት፤ ልጇ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይነት ጸጥታ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ነው። ዞር ብትል፣ አንዴ ከንፈሯን ብታንቀሳቅስ፣ ልጅቱ ሁሉንም ታነሳለች። አልዞረችም። ከንፈሯ ግን አልታዘዛት አለ፤ «ኩባያ፣ የኔ ልጅ፣ ኩባያ» ይላል። የሚያነበው ግድግዳው ብቻ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ አልጠረገችውም፤ እጇን ብታነሳ ልጅቱ ምልክት ይመስላታል ብላ።

ቀጥሎ ጽጌሬዳ ያለ ቃል፣ በእጇ ብቻ እያሳየች ቅርጾቹን አስመደበቻት፣ ሥዕሎቹን በተራ አስደረደረቻት። ቃልኪዳን እየሳቀች ጨረሰቻቸው፤ አንዱንማ መምህርቷ አሳስታ ስታስቀምጠው እጇን መታ አድርጋ አረመቻት።

«አእምሮዋ ምንም አልጎደለው» አለች ጽጌሬዳ፣ አስናቀችን ትከሻዋን ነካ አድርጋ እያዞረቻት። «ጆሮዋ ነው።»

«ወደቀች?»

«እዚህ ቤት መውደቅ የለም እኮ...»

«ግድ የለዎትም መምህርት፤ ወደቀች ይበሉልኝ።»

ጽጌሬዳ ሳቀች። «እሺ፣ ወደቀች።»

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ተደርጎ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጠጠር ኩባያ ውስጥ እየጣለች ተመረመረች። ግራው ጆሮ የለም ማለት ይቻላል። ቀኙ ጥቂት ቀርቶታል፤ መሣሪያ ሊረዳው ይችላል፣ መሣሪያው መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም እርግጠኛ አይደለም። የተረጋገጠው ሌላው ነው፦ ከመስከረም ጀምሮ ጎንደር፣ በምልክት ቋንቋ የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ቦታ አገኘች። የአስናቀች እህት ኤልሳ ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር ቤት አላት፤ እዚያ ታድራለች። እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሌላ መንገድ፣ ሌላ መሳፈሪያ፣ ሌላ ድካም። ያውቁታል።

ሲመለሱ የሾፌሩ የአያ አለነ ሚኒባስ ላይ ወጡ። ሽማግሌው ድንቿን ሲበላ የኖረ ደንበኛዋ ነው።

«እህ፣ አለፈች?»

«ወደቀች አያ አለነ!»

«ታዲያ ምን ያስፈነድቅሻል? ልጇ ወድቃ የምትስቅ ሴት ዛሬ አየሁ!» ወደ መስታወቱ ቀና ብሎ ልጅቱን አያት። «አንቺ ወዳቂ፣ ስምሽ ማነው?»

ቃልኪዳን ወደ እናቷ ዞረች። የአስናቀች ከንፈር እንደ ልማዱ ሊከፈት ሲል ራሷ ደረሰችበትና ጥርሷን ነከሰች። ልጅቱ ጠበቀች። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ከዚያ ትንሿን መዳፏን አንስታ የእናቷን አፍ ጥርቅም አድርጋ ከደነችው፤ ጎንደር በዋለችበት ቀን ማን እንዳስተማራት እግዜር ይወቅ። አንገቷን አስግጋ አያ አለነን በመስታወቱ አየችው። ሽማግሌው ገባውና ጥያቄውን ዘርዘር አድርጎ፣ ከንፈሩን እያሳያት ደገመላት።

«ቃልኪዳን!» ብላ ጮኸች፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞረ።

አስናቀች በተዘጋ አፏ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ እዚያው፣ የልጇ እጅ አፏ ላይ እንዳለ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

አሁን ገና ደርሰዋል፤ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ነው የሰማሁት። ፀደይ ግን ዛሬ ገበያው ማዶ ነው የዋለችው፣ ምንም አልሰማችም። ያቺ አፈር ልብላ ያለች! ትወድቃለች ብላ ነበር እኮ፤ እሷ ብቻ ናት ልክ የነበረችው! ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ...