የድኩላዋ ግልገል

ባሌ ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ደን ጥበቃ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቤታችን ከደኑ ግርጌ ስለነበር፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ድኩሎች እስከ ጓሯችን ይወርዱ ነበር። ስለ እነሱ የማውቀውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ቀንዱ ጥምዝ ነው፤ ሴቷ ቀላ ትላለች፣ ቀንድ የላትም፣ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለባት። እንደ በግ በመንጋ አይሄዱም። ሲደነግጡ እንደ ውሻ ይጮኻሉ። ስለ ግልገሎቻቸው ግን አልነገረኝም፤ ወይም ነግሮኝ አልሰማሁትም።

በዚያ ዓመት በነሐሴ መጨረሻ የመጀመሪያ ልጄን ደሴ ወስደውኝ ወለድኩ። ሁለት ቀን ኖሮ ሞተ። ባሌና የቤተ ክርስቲያናችን ወንድሞች ቀበሩት። እኔ አልጋ ላይ ስለነበርኩ ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። እህቶች እየመጡ ጸለዩልኝ፤ «ጌታ ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ፤ አሜን አልኩ። ከባሌ ጋር ግን ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጡቴ ደግሞ ወተቱን አላቆመም።

መስከረም ላይ የባሌ እናት ታመው እሱ ወደ ኩታበር ሄደ። እኔ ጭራሮ ልለቅም ደን ገባሁ። ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር የድኩላ ግልገል ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። ጆሮው ከፊቱ ይበልጣል። ስቀርበው አልተነቃነቀም፤ ዓይኑን ብቻ አንከባለለ። ዙሪያውን ባይ እናት የለችም።

«ጥላህ ሄደች?» አልኩት። በነጠላዬ ጠቅልዬው ወረድኩ።

ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምላቸው። ገብተው አዩት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ተጥሎ አገኘሁት፣ እማማ። እናት የለውም።»

«ወላሂ፣ እናት አለችው። መልሺው፣ ልጄ።»

«የለችም አልኩዎት እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ተነሥተው ወጡ።

የላም ወተት በጡጦ ብሰጠው ተፋው። በማግሥቱ በሬን ዘግቼ የራሴን አልቤ ሰጠሁት። ጠጣ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ስም ላወጣለት ሁሉ አስቤ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው። በአራተኛው ቀን አንገቱን ማቅናት አቃተው።

ባሌ የመጣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ግልገሉን አየ፤ ጡጦውን አየ፤ እኔን አየኝ።

«እናቱ አልጣለችውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ድኩላ ግልገሏን ደብቃ ነው የምትሄደው፤ አውሬ የእሷን ጠረን ተከትሎ እንዳያገኘው። እየተመለሰች ታጠባዋለች። እሱም ዝም ብሎ ይጠብቃታል።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይዘነው ወደ ደኑ ወጣን፤ መንገድ ላይ እቅፌ ውስጥ ሞተ። ቁጥቋጦው ዙሪያ ሣሩ ተረጋግጦ አዲስ ኮቴ ታትሞበታል። ባሌ ግልገሉን በነበረበት አስተኛውና ራቅ ብለን ተቀመጥን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድኩላዋ መጣች። አሸተተችው። ላሰችው። በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችውና ወደ ኋላ ብላ እስኪነሣ ጠበቀች። ደግማ ገፋችው። ብዙ ቆማ አንድ ጊዜ ጮኸችና ጥሻው ውስጥ ገባች።

«ልጃችን የት ነው ያለው?» አልኩት ያኔ።

«ደሴ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መቃብር ቦታ ዳር።»

«ለምን አልወሰድከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። እኔም ስሙን ማንሣት ፈራሁ።»

«ማንን ይመስል ነበር?»

«አንቺን። አገጩ ያንቺ ነበር» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ማልጄ እማማ ዘንድ ሄድኩ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ስለ ግልገሉም ሁለተኛ አላነሡብኝም።

ከዚያ ባሌና እኔ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደሴ ወጣን። መቃብሩ በጣም ትንሽ ነበር፤ ባሌ ዙሪያውን በድንጋይ ከቦታል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ባሌም ከጎኔ ተቀመጠ። ፀሐዩ እስኪከር ድረስ ማናችንም እንሂድ አላልንም።