ላይ ክፍት የተውሁት ቦታ

በደርግ ዘመን ቢቸና አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን «እናት ልጇን ጠበቀች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚገነባ ሰሌዳ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየሣልሁ አሳይ ጀመር። ከታች «ልጇን»ን ከ«ጠበቀች» ጋር አጣምሬ፣ ላይ በመጨረሻ ለምትገባው ለ«እናት» ቦታ እንደተውሁ የቀበሌው ካድሬ ገባ። ቅርንጫፉ የሕቡዕ ድርጅት መዋቅር መሰለው።

«ላይ ክፍት የተውኸው የማን ቦታ ነው?» አለኝ።

«የእናት» ስለው የቀለድሁበት መስሎት አሰረኝ። በየቀኑ እየገረፈ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ሌላ መልስ ከየት ላምጣ?

ግርፋቱ ጋብ ሲል፣ ከሞጣ ስንቅ ይዛ የመጣች እናቴ በሩ ላይ ዘበኛውን «የኔ ልጅ፣ እባክህ ልጄን አሳየኝ» ስትለው ይሰማኛል። ለክፍቱ ቦታ ሰው የሚፈልገው ካድሬም ይሰማታል።