አያቴ በሎሚ ያጠቧቸው ጠገራ ብሮች

ከአያት የተረፈ የድሮ የውጭ ገንዘብ ዛሬ ዋጋ ያወጣ ይሆን ብላችሁ አታውቁም?

እኔ ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ልሞክር ወጣሁ። አያቴ "ላፕቶፕ ግዢበት" ብለው፣ የነጮች ንግሥት ምስል ያለባቸውን አምስት ጠገራ ብሮች ከጉና በሰው ልከውልኛል። ከተመረቅኩ ወዲህ የሥራ ማመልከቻ የምጽፈው የጓደኛ ላፕቶፕ እየለመንኩ ነው።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ ገና ሲያያቸው ፊቱን ቋጠረ።

"ማነው እንዲህ የፈተጋቸው?"

"አያቴ ናቸዋ! በአመድና በሎሚ። ቆሻሻ ነገር ለሰው አይሰጥም ብለው።"

"የኔ እህት፣ የአሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ያን የድሮ ጥቁረቱን ነበር። አሁን እንግዲህ መዝኜ ነው የምገዛሽ፤ ቀልጦ ጌጥ ይሆናል።"

የጠራልኝ ዋጋ የላፕቶፑን ቻርጀር ቢገዛ ነው። ይዣቸው ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ ገና ከመግባቴ አያቴ ደወሉ። "ሰውየው ምን አለ? አላብረቀረቀለትም?"

"አብረቅርቋል አባባ፤ ዓይኑን ነው የወጋው!" አልኳቸው። ምን ልበል?

ነገ ባሕር ዳር ወርጄ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፤ ከአሁኑ በጉጉት መቀመጥ አቅቶኛል።

እናንተስ፣ እንዲህ ያለ ብር ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ የእናንተም ሰው በፍቅር አጥቦ አበላሽቶባችኋል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አያቴ ፌስቡክ የላቸውም፤ እውነቱን ተናገሩ።