ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዌስተን፣ ቶሮንቶ

ዛሬ ካሜራ የለም። የምሄደው ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ሥራዬ በቴሌቪዥን የአገር ደኅንነት ጉዳይ መዘገብ ነው፤ ስለላ፣ ዛቻ፣ የተደበቀ ነገር ሁሉ። ባለፈው ወር ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አዛውንት ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በስልክ እንደሚዝቱባቸው ነገሩኝ። ፊታቸውን አጨልመን፣ ድምፃቸውን ቀይረን አቀረብነው። ግን ጋሽ ታደሰ "አዎ" በማለት ፈንታ ትንፋሻቸውን ሁለቴ ወደ ውስጥ ሳብ ሳብ ያደርጋሉ፤ እሱን ከድምፁ ቆርጠን ሳናወጣ ቀረን። ፈረንጁ ኤዲተር ምን ያውቃል? የሐበሻ ልጅ እኔ፣ ማስቆረጥ የነበረብኝ እኔ! በማግስቱ የሚያውቃቸው ሁሉ ለያቸው። ወይ እኔ!

መንገድ ላይ

እስከ ብሉር ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ በሰብዌይ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ እስከ ፔፕ ጣቢያ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው። የኔ ስልክ አይጮህም። ቤተክርስቲያን እንኳ ስቀርብ ወሬ ይቆማል፤ "ጋዜጠኛዋ መጣች" ይባላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምጄዋለሁ እላለሁ፤ አልለመድኩትም። ፔፕ ላይ ባስ ስጠብቅ ሃያ ደቂቃ ብርዱ አንዘፈዘፈኝ።

ፍሌሚንግደን ፓርክ

ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ በሩን ከፈቱልኝ።

"ግቢ ልጄ። ደጄን ሰው ከረገጠ ሦስት ሳምንቱ።"

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ። ቪዲዮውን ዲሊት እናስደርገዋለን።"

"ተይው! ብታጠፉት ዋሽቷል ይሉኛል። ዛቻውንስ ችዬው ነበር። የከፋኝ ወዳጆቼ ናቸው፤ ከኔ ጋር መታየት ፈሩ።"

እንባዬ መጣ። እሳቸው ቋንጣ ፍርፍር አቀረቡ፣ ለአራት ሰው የሚበቃ።

"ጋሼ፣ የሥራ ደንብ አለኝ። ታሪኩ ሳያልቅ ምንጬ ከሆነ ሰው ቤት ውሃ እንኳ አልቀምስም።"

"እንግዲያ ማን ይብላልኝ?"

እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። አጎረሱኝ፤ አጎረስኳቸው። ስወጣ "የሚመጣው ቅዳሜ ተራው የኔ ነው፣ እኔ ቤት ይመጣሉ" አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ሁለቴ ሳብ አደረጉ።

ወደ ቤት

ባስ ላይ ሆኜ አለቃዬን ኮል አደረግኩ፤ የጋሽ ታደሰን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ለሌላ ሪፖርተር ስጪው አልኳት።

"ምን ነካሽ? ከሠራሽው ሁሉ ትልቁ ታሪክ እኮ ነው!"

"ምሳ አብሬያቸው በላሁ።"

"ለምሳ ብለሽ?"

"አዎ፣ ለምሳ።"

አልገባትም፤ አልፈርድባትም። አብሬው የበላሁትን ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጬ ላፋጥጠው አልችልም። ሰው የሚጠበቀው ፊቱን በማጨለም ብቻ እንዳልሆነም ዛሬ ገባኝ፤ ደጁን የሚረግጥ ሰውም ያስፈልገዋል።

ዌስተን ስደርስ ቤቱ ጭር ብሏል። ለቅዳሜው ምን እንደማበስል እያሰብኩ ጠረጴዛዬን አየሁት። ሁለተኛ ወንበር የለኝም።