የሙሽራዋን መኪና እንደወለወልኩ

«ዋናው ሞተሩ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመኝ፣ መኪናው ቆሻሻ እንደሆነ ሳላየው አውቃለሁ። ይህ አባባል በአገራችን እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠራል። ስለ ሰውም ያንኑ እንላለን፤ ልብ ንጹሕ ይሁን እንጂ መልክ ምን ያደርጋል ብለን እንሰብክና፣ ሰርግ ቤት ስንገባ የሰውን ልብስ ከጫማ እስከ አንገት እንመረምራለን። እኔ ብዙ መጻሕፍት ካገላበጥኩ በኋላ የደረስኩበት ድምዳሜ ተቃራኒው ነው። ሰው የሚያየው ላይህን ነው፤ ስለዚህ ላይህን መጠበቅ ለሚያይህ ሰው አክብሮት መስጠት ነው። ይህን ሐሳብ ባለፈው ጥር በገዛ እጄ ፈትኜው አልፏል፤ ስለዚህ ብኮራበት አይፈረድብኝም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ እህቴ መንዝ፣ ሞላሌ ትኖራለች። ልጇ ትምህርቷን የተከታተለችው እኔ ቤት ተቀምጣ ስለነበር፣ ጥቁር ሰማያዊዋ አሮጌ መኪናዬ በየበዓሉ ወደ እናቷ አመላልሳታለች። የሰርጓ ቀን ሲቆረጥ ልጅቷ፣ «ከቤት የምወጣው በጋሼ መኪና ነው» አለች። እናቷ ግን ነጭ መኪና ለመከራየት ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራ ነበር።

ሰርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሞላሌ ደረስኩ። እህቴ ሰላምታውን አሳጥራ ወደ መኪናዋ ሄደችና ኮፈኑን በጣቷ ነካች።

«ልጄን በዚህች ነው የምሸኛት? አመድ ላይ ያደረች አህያ መስላ!»

«እትዬ፣ ቀለሟ እኮ ደህና ነው። የደበዘዘው ላዩ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከላዩ ሌላ ምኑ ይታያል?»

በመጣጥፍ ላስረዳው ስደክም የኖርኩትን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ በመሐላችን ገባች።

«እማዬ፣ በማላውቀው ሰው መኪና ብሄድ የሸኘኝ ዘመድ ሳይሆን እንግዳ ነው የሚመስለኝ። ጋሼ ያስተካክሏታል።»

«እሺ፣ ያስተካክሏት!» አለች እህቴ ወደ እኔ ዞራ። «እስከ ቅዳሜ ማታ ፊቴን ካየሁባት ትሄድባታለች። ካላየሁ ነጯ ትመጣለች።»

መኪናዋ እንዲህ የደበዘዘችበት ምክንያት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ የእህቴ ባል ደግነት። ሰውየው በጡረታ ከመቀመጣቸው በፊት የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። ለበዓል በመጣሁ ቁጥር፣ ውርጭ እንዳይመታት ብለው መኪናዋን ባና ያለብሷታል። ባና ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ ይሞቃል፣ ግን ይዋጋል። በአቧራ ላይ ተደርቦ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሲያድር ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ወደ ፀሐይ ዘንበል ብዬ ሳያት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል የፀጉር ያህል ጭረት ሞልቶ ነበር። ብርሃኑ ጭረቱ ላይ ይበተናል፤ መኪናዋም አመድ የምትመስለው ለዚህ ነው። በእንግዳ መኪና ላይ ባና ደርቦ የሚያበላሻት ሰው ከመንዝ ውጭ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከደብረ ብርሃን ይዤ የመጣሁት መድኃኒት ግሌዝ የሚባል ነው። ፖሊሽን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ፖሊሽ ቀለሙን ፍቆ ያስተካክላል፣ የመኪናዬ ቀለም ደግሞ ብዙ ፍቀት የሚችል አልነበረም። ግሌዝ አይፍቅም። ዘይትነት ያለው ቅባት ነው፤ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ ለቀለሙም ጥልቀት ይሰጠዋል። ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች ይንቁታል። ጭረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ማታለል ነው ይላሉ። እነዚሁ ሰዎች ፀጉራቸውን ጥቁር ቀለም ይቀባሉ።

የእህቴ ባል ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

«ምን ያደክምሃል? ናፍጣ በጨርቅ ነክረህ ጠረግ ጠረግ አድርጋት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በናፍጣ ነው ያበራሁት።»

«ናፍጣ እኮ አቧራ ይጠራል። ከግቢ ወጥተን ሳንርቅ ጭቃ ቤት ትመስላለች።»

«እንግዲህ መጽሐፉ እንዲህ ካለ!» ብለው ሳቁ።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋን አጥቤ አደረቅኩና ሥራ ጀመርኩ። የመንዝ ሰው በጥር ጠዋት ምንም ነገር ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ ይፈልጋል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሳይቀር ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ሥር ይደረደራል። እኔም እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና መኪናዋን ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ፀሐዩ መሐል አቆምኳት። ግሌዙን ኮፈኑ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ጎኗ ሁሉ ቀባሁ። በግድግዳው በኩል ያለውን አንድ በርም ጨምሬ ቀባሁና፣ ዘና ብዬ ጀርባዬን እየሞቅኩ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

ደረቀ። ያውም እንደ ኖራ ደረቀ። በጨርቅ ብል፣ በጥፍር ብል ንቅንቅ አይልም። መኪናዋ ከኮፈን እስከ ጣሪያ ነጭ ዝንጉርጉር ሆነች።

የእህቴ ባል በዱላቸው ተደግፈው ዞሯት። «ገንፎ ነው እንዴ የቀባሃት?»

እህቴ ከጓዳ ወጣች። አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። «ነጭ መኪና ነበር የፈለግሁት፤ ይኸው ነጭ አደረግህልኝ። ከእንግዲህ ለኪራዩ ምን አስለፋን!»

ለሰርጉ ሥራ የተሰበሰቡት ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ መኪናዋን ታያለች። ያን ፊቷን ባላየው ኖሮ፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠርሙሱን ወርውሬ ነጯ ትምጣ እል ነበር።

መኪናዋን ስዞር በግድግዳው በኩል ወዳለው በር ደረስኩ። እንዲያው በተስፋ መቁረጥ ጨርቁን አሳረፍኩበት፤ የደረቀው ግሌዝ እንደ ዱቄት ብን ብሎ ተነሳ። ሥሩ ያለው ቀለም የሌሊት ሰማይ ይመስላል። በሩን በመዳፌ ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል። ዞሬ ኮፈኑን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አየሩ ስለቀዘቀዘ እኔ ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ብረቱ ግን እዚህ ከፍታ ላይ ያለውን ፀሐይ ጠጥቶ ግሏል። ለራሴ ብርድ ፈርቼ የመኪናዋን ቆዳ አቃጥያለሁ።

«ተነሡ፣ አንድ ጊዜ ግፉልኝ» አልኩ።

«ወዴት?» አሉ የእህቴ ባል።

«ከበጎቹ ጋጣ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ።»

«እዚያ እኮ በረዶ ነው! ሰው ፀሐይ እያለለት?»

«የሚሞቀው ሰው ነው፣ መኪና አይደለም።»

ጥላው ውስጥ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቆየሁ። የጋገረውን ግሌዝ የሚያለሰልሰው ራሱ ግሌዝ ስለሆነ፣ በላዩ አዲስ እየቀባሁ አንድ በአንድ ጠረግሁት። ዓርብ በዚህ አለቀ። ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሬ ከአዲስ ያዝኩት። አንዱን ክፍል ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም፤ ትንሽ ቅባት፣ ትንንሽ ክብ፣ ጉም እስኪመስል መጠበቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማንሳት። ጣቶቼ ደንዝዘው የራሴ አልመስል አሉኝ። የእህቴ ልጅ በየመሐሉ ትኩስ ነገር ይዛ ትመጣና አጠገቤ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ ይበቃል፤ ይታመማሉ።»

«አንቺ ሂጂ እጅሽን ሂና ተቀቢ። እኔም የራሴን እየቀባሁ ነው።»

ግሌዝ ብቻውን ውሃ አይችልም፤ አንድ ካፊያ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ በመጨረሻ የመኪና ሰም ደረብኩበት። ሰሙን አንስቼ ስጨርስ ጥላው ከጋጣው አልፎ ግቢውን ሞልቶት ነበር።

እህቴን ጠራኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች መጣችና በመኪናዋ በር ፊት ቆመች። ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ከጆሮዋ ሥር የወጣችውን ሽበት ወደ ሻሿ መለሰች።

«አርጅቻለሁ እኮ» አለች።

«መኪናዋ ናት ያስረጀችሽ?»

«ዝም በል አንተ!» ብላ ስልኳን አወጣችና ለነጯ መኪና ባለቤት ደወለች። ቀረ፣ ሌላ አግኝተናል አለችው። ከቤት ውስጥ የልጅቷ እልልታ ተሰማ፤ ለገዛ ሰርጓ ከማንም ቀድማ እልል ያለች ሙሽራ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ፀሐይዋ ስትጠልቅ የእህቴ ባል ባናውን በትከሻቸው ይዘው ከች አሉ።

«ኧረ በማርያም፣ ዛሬስ አያልብሷት!»

«እንግዳ ራቁቱን አያድርም።»

«እንግዲያው ለኔ ይስጡኝ። እኔም እንግዳ ነኝ።»

ቅር አላቸው፤ ግን ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እኔ ሞቆኝ አደርኩ፣ መኪናዋ ውርጭ ለብሳ አደረች። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት ውርጩ ቀልጦ እንደ ጨሌ እየተንከባለለ ወረደ፤ ቀለሙ ላይ ምልክት እንኳ አልተወም። የእህቴ ባል አንዷን ጠብታ በጣታቸው ተከተሏት። ናፍጣን ዳግመኛ አላነሱም።

የሙሽራው ቤት ቀየት ከተማ ነው። መንገዱ ላይ ከፊታችን የሚሄደው የሚዜዎች መኪና ያነሳው አቧራ ሁሉ እኛ ላይ ዐረፈ። ከተማው ሊታይ ሲል አቆምኩ።

«ሙሽራ ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል እንዴ?» አለ ከእኛ ጋር ከተሳፈሩት ሚዜዎች አንደኛው።

«ይቆማል። ና ውረድ፣ ይህን ጨርቅ ያዝ።»

በሱፍ ልብሳቸው ወርደው ጠረጓት። የያዘው ነገር ስለሌለ አቧራው በአንድ ማለፊያ ተነሳ፤ ጥቁር ሰማያዊዋ ተመልሳ ወጣች። ሰማዩና የገብሱ ማሳ በጎኗ ላይ እየተንሸራተቱ ቀየት ገባን።

ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ጥምጣማቸውን በመኪናዋ በር ላይ እያዩ አስተካከሉና ጠየቁ። «ይህችን የመሰለች መኪና ከአዲስ አበባ ነው የተከራያችኋት?»

ሙሽራ በዚያ ሰዓት አንገቷን ደፍታ፣ ፊቷን ሸፍና፣ ቃል ሳትተነፍስ እንድትቀመጥ ነው ደንቡ። እኔም ልመልስ አፌን ስከፍት ከኋላዬ የሙሽራዋ ሻሽ ጫፍ ተገለጠ።

«ኪራይ አይደለችም! የጋሼ ናት። ራሳቸው ናቸው የወለወሏት!»

ሚዜዋ ደንግጣ ሻሹን መልሳ ጎተተችው። ሽማግሌው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ቀየት ውስጥ ሙሽራ ተናገረች ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል አሉ፤ ነውር ነው የሚሉ አሉ፣ ዘመኑ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወርጄ በሩን ከፈትኩላት። ስትወርድ ነጭ ቀሚሷ በጥቁር ሰማያዊው ቀለም ላይ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ጥልፍ ሳይቀር ታየ።