ለሺህ የውሸት መንገደኛ ዋስ ፍለጋ

"ሞክሩት" የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ጠዋት ቢሮ ሲገባ ከሰላምታው ቀድሞ "ማታ አንድ ነገር አነበብኩ፤ እስቲ ሞክሩት" ይላል። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሲያንቀላፋ እሱ ስለ ሶፍትዌር መሣሪያ ያነባል። ሰው ምሳ ላይ ስለ ልጁ ሲያወራ እሱ ፋይል ስለሚያጥፍና ስለሚዘረጋ ፕሮግራም ያወራል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እንኳ የስልኳ ኪቦርድ በየሳምንቱ ሲቀያየርባት ጊዜ ስልኳን ከመቀሷ ጋር መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ጀምራለች።

መሥሪያ ቤቱ ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ይሠራል። እዚያ አንድ ልማድ አለ፤ አዲስ መሣሪያ ማስገባት የፈለገ ሰው ዋስ ይጠራል። መሣሪያው ጉድ ካመጣ አምጪና ዋስ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተበላሸውን ያቃናሉ። ሕጉን ያወጣው አለቃው ሲሆን እንዲያወጣ ያስገደደው ሞክሩት ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ኮድ የሚያሳምር መሣሪያ አገኘሁ ብሎ በጠቅላላው ፕሮግራም ላይ ለቀቀው። በማግስቱ የገዛ እጁን ሥራ መለየት የቻለ ሰው ጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያንን ለማስተካከል ቢሮው ሙሉ ሳምንት ደከመ።

ከዚያ ወዲህ ዋስ የሚሆኑለት አንድ በአንድ አለቁ። የፕሮግራሙን ገጾች መልክ የሚሠራው ጓደኛው ሞክሩትን ከሩቅ ሲያይ ያልጠራ ስልክ ያነሳል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች።

"ወንድሜ፣ ብትታሰር ዋስ ሆኜ አስፈታሃለሁ። ለመሣሪያህ ግን አፈር ስሆን ተወኝ።"

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እውነተኛው ጉድ የመጣው። ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጥ ጀመር። ሁለት መንገደኛ አንድ ወንበር ላይ ሲገናኝ የሚሆነው የታወቀ ነው። የአውቶቡሶቹ ባለቤት "አንዴ ከደገማችሁ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ" አሉ። ያ ሥራ ከሄደ ቢሮው ይዘጋል። ጥፋቱ ደግሞ ሲፈልጉት ይሰወራል፤ በአንድና በሁለት ገዢ ሲሞክሩት ፕሮግራሙ የጨዋ ልጅ ነው።

ሞክሩት መድኃኒቱን አንብቦ ነበር። ሺህ የውሸት መንገደኛ ፈጥሮ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አንድ ወንበር ላይ የሚያጋፋ መሣሪያ አለ። እንዲያ ባለ ግፊያ የተደበቀ ጥፋት መውጣቱ አይቀርም። ሮጦ ለአለቃው ነገረው። አለቃው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ዋስህ ማነው?" አለ።

"በዚህ ጭንቅ ጊዜ እንኳ ያለ ዋስ…"

"ያለ ዋስ ከጫንከው ዕቃህን ጠቅልለህ ሂድ።"

ያልተጠየቁ አንዲት ሴት ብቻ ቀርተዋል። የተሸጠ ወንበር ሁሉ የሚመዘገብበት የመረጃ ቋት ጠባቂ ናቸው፤ ሁሉም ፊት ለፊት "እትዬ"፣ ዞር ሲሉ ደግሞ "ቀይ እስክሪብቶ" ይላቸዋል። ውኃ መቅጃው አጠገብ ሠራተኛው ያነበበውን የሚለጥፍበት ሰሌዳ አለ። እትዬ ብርጭቋቸውን እየሞሉ ያነባሉ፤ ስህተት ካገኙ በቀይ ያሰምሩበትና እስኪያጣሩት ድረስ ዕረፍት የላቸውም። ሞክሩት እኚህን ሴትዮ እንደ ልጅ ይፈራቸዋል። እና ፊት ለፊት ከመጠየቅ ተንኮል ቀለለው።

ስለ መሣሪያው አንድ ገጽ አሳምሮ ጻፈና ለጠፈ። መጨረሻው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገባት፦ "ወንበር ሁለቴ ከተሸጠ ጥፋተኛው ምንጊዜም የመረጃ ቋቱ ነው።" ውሸት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ እትዬ ግን ውሸትነቱን ለማሳየት መሣሪያውን ራሳቸው መሞከር ግድ ይሆንባቸዋል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሥራ የያዘ መሰለ።

እትዬ መጡ፣ ቀዱ፣ አነበቡ። ብርጭቆው ሞልቶ ውኃው እጃቸው ላይ ፈሰሰ። "ምንጊዜም" የምትለዋ ቃል በቀይ ተሰምራ ተደግማ ተሰመረች። ሞክሩት ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከሰዓት በኋላ የእትዬ በር ዝግ ነበር፤ በማግስቱም እንደዚያው። አንዴ ከውስጥ "ቆይ አሳይሃለሁ" ሲሉ ተሰማ፤ ለሞክሩት ይሁን ለኮምፒውተራቸው አልታወቀም። ወጥመዱ ያዘ ብሎ ልቡ ጮቤ ረገጠች።

በቢሮው ስብሰባ ላይ እትዬ ብድግ አሉ።

"ለዚህ መሣሪያ ዋሱ እኔ ነኝ። በፕሮግራሙ ቅጂ ላይ ሞክሬዋለሁ። መንገደኞቹን አጋፋኋቸው፤ ወንበሩ ሁለቴ ተሸጠ። የመረጃ ቋቴ ግን ንጹሕ ነው። ጥፋተኛው ገጹን ለማፍጠን ተብሎ የገባው፣ ክፍት ወንበሮችን በቃሉ የሚይዘው መሣሪያ ነው። ወንበሩ ከተሸጠ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ክፍት ነው እያለ ይዋሻል።"

"እሱን ደግሞ ማን አመጣው?" አለ አለቃው።

የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ሞክሩት ዞረ። ያ መሣሪያ ሲገባ ዋስ የሆነለት የገጽ ሠሪው ጓደኛው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሞክሩት አስገቡልኝ ብሎ ደጅ የጠናለት አጋፊ መሣሪያ መጀመሪያ የያዘው ራሱን ሞክሩትን ሆነ።

ሁለቱ ያመጡትን ሲነቅሉ ዋሉ። የውሸት መንገደኞቹ እንደገና ተለቀቁ፤ ወንበሩን ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ሥራው ተረፈ። ሰው ሁሉ ሊወጣ ሲል ሞክሩት የእትዬን በር አንኳኳ።

"እትዬ፣ ላመሰግንዎት ነው።"

"'ምንጊዜም' ብለህ የጻፍከው ሆን ብለህ ነው አይደል?"

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይኼኔ ነው። ሞክሩት አንገቱን ደፋ። "መቼ ነቁብኝ?"

"ውኃው እጄ ላይ ሲፈስ። አንተ እንዲህ ያለ ስህተት አትሠራም፤ ያንተ ስህተት ሌላ ዓይነት ነው።"

"ታዲያ ለምን ሞከሩት?"

"ጽሑፉ ደስ ይላል። በደንብ አስረድተኸዋል።"

ሞክሩት እግሩን አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እሳቸው ሲል ቆየና "ቀጥ ብዬ መጥቼ ዋስ ይሁኑኝ ብልዎትስ እሺ ይሉኝ ነበር?" አለ።

"እምቢ ነበር የምልህ" አሉ እትዬ ቦርሳቸውን እያነሱ። "ግን አንብቤ ነው እምቢ የምልህ።"

እስከዛሬ እሺ ካሉት ሁሉ አንድም አንብቦለት አያውቅም ነበር።